ለብዙ ዓመታት ልጅ ካሳደጉ በኋላ ወደ ኮሌጅ መመለስ፦ የባል ድጋፍ ለተቋረጠባቸው የቤት እመቤቶች በዋሽንግተን ስቴት ምን እርዳታ አለ?

ጥያቄ፦ «የሦስት ልጆች እናት»፣ ሬንተን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሲያትልና በአካባቢው የምትኖሩ፣ በተለይም ኮሌጅ ውስጥ የምትሠሩ ወይም ልጅ እያሳደጋችሁ የተማራችሁ እህቶችና ወንድሞች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አገር ቤት ሳለሁ ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ወደዚህ የመጣሁት በባለቤቴ ስፖንሰርነት ነው፤ ግሪን ካርዴ የአሥር ዓመቱ ሲሆን ዜግነት ገና አልወሰድሁም። ልጆቹ በላይ በላዩ ስለተወለዱና የዴይኬር ክፍያው እኔ ሠርቼ ከማመጣው ስለሚበልጥ፣ እሱ ውጭ እንዲሠራ፣ እኔ ደግሞ ቤቱንና ልጆቹን እንድይዝ ተስማምተን ብዙ ዓመት ኖርን። ባለፈው ዓመት ተለያየን። የፍቺው ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው። ለልጆቹ መጠነኛ ቀለብ ይቆርጣል፤ የቤት ኪራዩና የቀረው ወጪ ግን በእኔ ላይ ወድቋል። እኔም ቅዳሜና እሑድ ሆቴል ክፍል እያጸዳሁ ጎዶሎውን ለመሙላት እሞክራለሁ።

አሁን መማር እፈልጋለሁ። አንዲት እህት ዘመናቸውን በቤት እመቤትነት አሳልፈው የባላቸው ድጋፍ የተቋረጠባቸው ሴቶች «ዲስፕሌስድ ሆምሜከር» እንደሚባሉና ኮሌጆች ለእነርሱ የተለየ እርዳታ እንዳላቸው ነገረችኝ። ይሁን እንጂ አንድ ኮሌጅ ሄጄ በመረጃ ክፍሉ ስጠይቅ «እንዲህ የሚባል ፕሮግራም የለንም» ተብዬ ተመለስሁ። እርዳታው በእርግጥ አለ? ካለስ ፍቺው ሳያልቅ ማመልከት እችላለሁ? የቅዳሜና እሑድ ሥራዬ ያስከለክለኛል? የመጨረሻው ታክስ የተሠራው ከባለቤቴ ጋር በአንድነት ስለሆነ የእሱ ገቢ የእኔ ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝም እሰጋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ የትኛውን ሙያ ብይዝ ልጆቼን ሳልበትን ሠርቼ ማደር እንደምችል የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ «የኮሌጅ አማካሪ»

የተከበሩ እህቴ፣ የምሠራው በዚሁ ስቴት በሚገኝ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የነገረችዎት እህት ትክክል ናት፤ የመረጃ ክፍሉ ሠራተኛም ቢሆን የዋሸ አይመስለኝም። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው ኮሌጅ በዚህ ስም የተከፈተ ቢሮ አይገኝም፤ መደቡ ግን በሌሎች የገንዘብ ምንጮች መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ በቀጥታ የወርከር ሪትሬይኒንግ ቢሮ የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ እዚያም «እኔ ዲስፕሌስድ ሆምሜከር ነኝ» ብለው ይናገሩ። ይህን እርስዎ ካላነሡት ማንም አያነሣልዎትም፤ ምክንያቱም ቅጹን የሚያስሞላው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከሥራ የተቀነሱ ሰዎችን ነው።

ወርከር ሪትሬይኒንግ ስቴቱ በኮሚዩኒቲና በቴክኒካል ኮሌጆቹ በኩል የሚያካሂደው እርዳታ ሲሆን፣ በዋናነት የታሰበው ሥራቸውን ላጡ ሠራተኞች ነው። ከሚያካትታቸው መካከል ግን የግል ሥራቸው የተዘጋባቸው፣ በቅርቡ ከሠራዊት የተሰናበቱና በእርስዎ ሁኔታ ያሉ የቤት እመቤቶች ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የመጀመሪያውን ኳርተር (የሩብ ዓመት የትምህርት ጊዜ) ክፍያና መጽሐፍ ነው፤ ሌላው የገንዘብ ድጋፍ እስኪደርስ ድልድይ ይሆናል ማለት ነው። ወደ ሥራ ለሚያደርሱ የሙያ ትምህርቶች እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር ብቻ ለሚወሰድ ትምህርት አይሰጥም። «ስታርት ኔክስት ኳርተር» የተባለው ድረ ገጽ ላይ አጭር መጠይቅ ሞልተው ለየትኛው እርዳታ እንደሚመጥኑ ማየትና በመረጡት ኮሌጅ ቀጠሮ መያዝ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ወርክሶርስ የሚባለው የስቴቱ የሥራ ማገናኛ ማዕከል ነው። እዚያ ያለው ገንዘብ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው፣ በአጭሩ ዊዮአ በሚባለው የፌዴራል የሥራ ኃይል ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ዲስፕሌስድ ሆምሜከር የሚላት ለቤተሰቧ በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ስትሠራ የኖረች፣ በሌላ የቤተሰብ አባል ገቢ ትተዳደር የነበረችና ያ ገቢ የተቋረጠባት፣ በተጨማሪም ሥራ የሌላት ወይም በቂ ያልሆነ ሥራ ይዛ የተሻለ ለማግኘት የተቸገረች ሴትን ነው። ለሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልስ የሚገኘው እዚሁ ትርጉም ውስጥ ነው። አንደኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል ማጽዳት ብቻውን ከመደቡ አያስወጣዎትም። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ድጋፉ መቋረጡን እንጂ የፍቺ ውሳኔ በእጅ መኖሩን አይደለም። ወርክሶርስ ሥልጠናዎን የሚከፍለው ትምህርቱ በስቴቱ የጸደቁ ሥልጠናዎች ዝርዝር ውስጥ ካለና በአካባቢው ተፈላጊ ከሆነ ሙያ ጋር ከተያያዘ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው ተመዝግበው ከፍለው «መልሱልኝ» ከማለት፣ ሳይመዘገቡ በፊት ይሂዱ።

ትልቁ ገንዘብ ግን በፋፍሳ፣ ማለትም በፌዴራሉ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ የሚመጣው ነው። ግሪን ካርድ ስላለዎት ለፌዴራሉ የፔል ግራንት ማመልከት ይችላሉ፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ አይመለስም። የዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንትም በዚሁ ማመልከቻ ይታያል። የትዳር ሁኔታን በተመለከተ ፋፍሳ የሚጠይቀው በሚሞሉበት ቀን ያለውን ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ እስካልኖራችሁ ድረስ ፍርድ ቤቱ ባይጨርስም «ተለያይተናል» ማለት ይችላሉ፤ ባለቤትዎ መፈረምም ሆነ መፍቀድ አይጠበቅበትም። የታክሱ ሥጋትዎ እውነተኛ ነው፤ ቅጹ የሚመለከተው የሁለት ዓመት የኋላ ታክስን ነውና፣ ለምሳሌ ለ2026–27 የሚታየው የ2024ቱ ነው። መፍትሔው በጋራ ከተሠራው ታክስ ውስጥ የእርስዎን ድርሻ ብቻ ለይቶ ማስገባት ነው፤ ለዚህም የሁለታችሁን ደብልዩ ቱ (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ መግለጫ) ያስቀምጡ፤ ኮሌጁ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ልጆቹን የሚያሳድጉ ብቸኛ ወላጅ ከሆኑና ገቢዎ ከፌዴራሉ የድኅነት መስመር 225 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ፣ ቀመሩ ሙሉውን ፔል በቀጥታ ይሰጥዎታል። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ የአሁኑን ኑሮዎን የማያሳይ ሆኖ ከተገኘ፣ የፋይናንሻል ኤይድ ክፍሉ ሁኔታዎን በተለየ ዓይን አይቶ ለማስተካከል በሕግ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ደብዳቤ ጽፈው ይጠይቁ።

መልስ፦ «ከታኮማ»

ምክሩ መልካም ነው፤ እህታችንንም እግዚአብሔር ያበርታት። ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። መንግሥት ለተለያየች ሴት ገንዘብ እየሰጠ፣ ሽማግሌ ሊያስታርቀው የሚችለውን ትዳር ማፍረስ አይሆንም ወይ? ቤቱን ይዞ የኖረ ወንድ ቢኖርስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ «የድሮ ተማሪ»፣ ኦክላንድ

ወንድሜ፣ የሕጉን አመጣጥ ቢያውቁት ይህን ሥጋት የሚያቀልልዎት ይመስለኛል። ነገሩ የተጀመረው እኔ በምኖርበት በኦክላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቲሽ ሶመርስ የተባለች በእድሜ ገፋ ያለች ፈት ሴትና ሎሪ ሺልድስ የተባለች ባልዋ የሞተባት ሴት ተባብረው፣ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲያስተዳድሩ ኖረው በሞት ወይም በፍቺ ባዶ እጃቸውን ለቀሩ ሴቶች መከራከር ጀመሩ። እነዚህ ሴቶች ደመወዝ ተከፍሏቸው ስለማያውቁ የሥራ አጥ ክፍያ አያገኙም፤ ልጆቻቸው ካደጉ የድሆች እናቶች ድጎማ አይደርሳቸውም፤ ለጡረታ ደግሞ ዕድሜያቸው አልሞላም። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ1975 ሕግ አወጣና በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ማዕከል እዚሁ ሚልስ ኮሌጅ ውስጥ ተከፈተ። እንግዲህ ከመሥራቾቹ አንዷ ባልዋን በሞት ያጣች ነበረች፤ ሕጉም የሚጠይቀው ገቢው መቋረጡን ሲሆን በሞትም ሆነ በፍቺ ቢቋረጥ ልዩነት የለውም። ወንድንም አይከለክልም።

እህታችን መረጃ ክፍሉ ላይ ያጋጠማት ነገርም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1984 የወጣው የፐርኪንስ የሙያ ትምህርት ሕግ ለስቴቶች ከሚሰጠው ገንዘብ 8.5 በመቶው ለብቸኛ ወላጆችና ለእነዚህ የቤት እመቤቶች ተለይቶ እንዲያዝ ያዝዝ ስለነበር፣ በመላው አገሪቱ ኮሌጆች የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው አማካሪ፣ አንዳንዶቹም የሕፃናት መዋያ ነበራቸው። በ1998 ሕጉ ሲታደስ ያ ተለይቶ የሚያዘው ድርሻ ተሰረዘ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ክፍሎች አንድ በአንድ ተዘጉ ወይም በሌላ ስም ተጠቃለሉ። በ2018 በታደሰው ሕግም መደቡ ልዩ ትኩረት ከሚሹ ተማሪዎች መካከል ተጠቅሷል፤ የተለየ በጀት ግን አልተመለሰለትም። ጥቂት ስቴቶች በራሳቸው ዘዴ ይዘውታል፤ ሚኒሶታ ለምሳሌ ከጋብቻ ፈቃድ ክፍያ ላይ ጥቂት እየቆረጠች ለዚሁ ታውላለች። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ብልኅ አሠራር ይህ ነው፤ የሚጋባው ሁሉ ሳያውቀው ለክፉ ቀን ያዋጣል።

መልስ፦ «የዴይኬር አስተማሪ»፣ ሲያትል

እህቴ፣ ስለ ገንዘቡ ወንድሞች በሚገባ ስለነገሩሽ እኔ ስለ ሙያው ልናገር። (ታናሽሽ ሳልሆን አልቀርም፤ «አንቺ» ማለቴን በፍቅር እይልኝ።)

አብዛኛው የአገራችን ሰው «ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) ውሰጂ፣ በጥቂት ሳምንት ያልቃል» ይልሻል። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ ዛሬ የቤት ኪራይ የሚከፈል ከሆነ እውነትም ቶሎ ያደርሳል። ነገር ግን አዲስ ገቢ ሲኤንኤ የሚሰጠው ሺፍት አብዛኛውን ጊዜ የማታና የሳምንት መጨረሻ ነው፤ ሦስት ልጆች ማን ጋር ታሳድሪያለሽ? ጀርባን የሚጎዳ ሥራ መሆኑንም ማንሣት ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ አስተማሪ ነሽ። ያንን ጥለሽ ከዜሮ የምትጀምሪበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ የተማርሁት የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት ነው፤ ኮሌጆቹ ኢሲኢ ይሉታል። በዚህ ስቴት የምስክር ወረቀቱ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው 12 ክሬዲት፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 47 ሲሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ እስከ ዲግሪ ያደርሳል። በመካከሉ ኑሮ ቢያስቆምሽ እንኳ እጅሽ ላይ የቀረው ወረቀት ያሠራሻል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር የገባሁት አይ-ቤስት በሚባለው በኩል ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን ይቆማሉ፤ አንዱ ሙያውን ሲያስተምር ሌላው ቋንቋውንና የጽሑፍ ሥራውን ያግዛል። ይህ አሠራር የተጀመረው እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ እኔ ለብቻው የቋንቋ ትምህርት እየወሰድሁ ዓመታት ከመጠበቅ ያዳነኝ እርሱ ነው። ዴይኬር ውስጥ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ደግሞ የኧርሊ አቺቨርስ ግራንት የሚባል አለ፤ በፕሮግራሙ በታቀፈ መዋያ የሚሠሩትን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ልብሽ ወደ ትምህርት ቤት ካደላ ግን ፓራ መሆንን አስቢበት። ፓራኤዱኬተር ማለት በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ከአስተማሪዋ ጎን ሆኖ ተማሪዎችን የሚረዳ ነው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፤ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች በሬንተንም በሲያትልም ብዙ ናቸው። የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሁለት ዓመት ዲግሪ ወይም 72 የኳርተር ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ይህ የሌለው ፓራፕሮ የሚባለውን ፈተና ወስዶ 455 ካመጣ ይበቃዋል። የደሴውን ዲፕሎማሽን ናሴስ የተባለው የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት አስገምግሚው፤ ክሬዲቱ ሊያዝልሽ ይችላል። ወረቀቱ እጅሽ ላይ ከሌለ አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ላኪ፤ ያ አልሳካ ካለም ሃይስኩል ፕላስ የሚባለው የኮሌጆች ፕሮግራም ለአዋቂዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይሰጣል።

የፓራ ደመወዝ ብዙ አያኮራም፤ ክረምት ላይም ሥራው ይቆማል። ሆኖም ከልጆችሽ ጋር ወጥተሽ ከልጆችሽ ጋር ትገቢያለሽ፤ በትምህርት ዓመቱ ቢያንስ 630 ሰዓት እንድትሠሪ ከተቀጠርሽም በስቴቱ የትምህርት ቤት ሠራተኞች የጤና መድን ውስጥ ትገቢያለሽ። የባል መድን ለሚቋረጥባት ሴት ይህ ከደመወዙ የማያንስ ነገር ነው።

መልስ፦ «የሕግ ረዳት»

ጠበቃ ስላልሆንሁ ለግል ጉዳይዎ ጠበቃ ያማክሩ፤ ሆኖም በኢሚግሬሽን በኩል ሰዎች በከንቱ የሚፈሩትንና ሊጠነቀቁት የሚገባውን መለየት አስፈላጊ ነው። ባለቤትዎ ሲያስመጣዎት የፈረመው አይ-864 የሚባለው የድጋፍ ግዴታ በፍቺ አይቋረጥም፤ የሚያበቃው በዋናነት እርስዎ ዜግነት ሲያገኙ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲሞላልዎት፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን ትተው ከአገር ሲወጡ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ነው። ለፍቺው ጠበቃዎ ይህን ይንገሩት። ፔል ግራንትና የዊዮአ ሥልጠና ስፖንሰሩ እንዲመልስ ከሚጠየቅባቸው የድጎማ ዓይነቶች ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ «ብማር እሱን አስከስሰዋለሁ» ብለው አይስጉ። ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ግን ይገባል።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች እህቶች ደግሞ፣ ግሪን ካርዳችሁ የሁለት ዓመቱ ከሆነ ፍቺው በካርዱ እድሳት ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ከኮሌጁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ትዳራችሁ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ከሆነም የፍቺውን ቀን ከጠበቃ ጋር ተማከሩበት፤ አሥር ዓመት የሞላው ትዳር ካለፈ በኋላ ያላገባች ሴት 62 ዓመት ሲሆናት በቀድሞ ባልዋ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ መጠየቅ ትችላለች።

መልስ፦ «የሦስት ልጆች እናት»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓራ ስለመሆን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ድጋፉ መቋረጡን በምን ላስረዳ? የኪራይ ውሉ እስከ ቅርብ ጊዜ በሁለታችን ስም ነበር። ፉድ ስታምፕ ስለማገኝም ተማሪ ስሆን እንዳይቆረጥብኝ ሰው አስፈራርቶኛል። ትንሹ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው።

መልስ፦ «የኮሌጅ አማካሪ»

ለማስረጃው፣ የፍቺ ማመልከቻዎ ማኅተም ያለበት ቅጂ፣ የቀለቡ ትእዛዝ ወይም የባንክ መዝገብ፣ በስምዎ ብቻ የወጣ አዲስ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ይዘው ይሂዱ። ሁሉም ባይሟላ አይቅሩ፤ ቢሮዎቹ ብዙ ጊዜ ፊርማዎን ያኖሩበት መግለጫ ይቀበላሉ። መግለጫው ላይ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ቤት ውስጥ እንደቆዩ፣ ድጋፉ በየትኛው ወር እንደተቋረጠና አሁን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ በግልጽ ይጻፉ። የሚቀበሉትን ቀለብ ደብቀው እንዳይጽፉ፤ ፋፍሳም ይጠይቀዋል፤ ቀለብ መቀበልዎ የትምህርት ድጋፍ ይከለክልዎታል ማለት አይደለም።

ፉድ ስታምፕን በተመለከተ፣ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ የሚማር አዋቂ በሳምንት 20 ሰዓት እንዲሠራ የሚያዝዝ ደንብ ስላለ ያስፈራሩዎት ሰው ከመሬት አላነሡትም። ከደንቡ ነጻ ከሚደረጉት መካከል ግን ከ12 ዓመት በታች ልጅ ይዛ ሙሉ ጊዜ የምትማር ብቸኛ እናት አለችበት። ፉድ ስታምፕ ማግኘትዎ እንዲያውም ቢፌት የሚባለውን ሌላ እርዳታ ይከፍትልዎታል፤ በኮሌጁ ውስጥ ከወርከር ሪትሬይኒንግ ጋር ብዙ ጊዜ በአንድ ቢሮ ይገኛል፤ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይረዳል። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ የሚቆይበትን ቦታ ክፍያ ደግሞ ወርኪንግ ኮኔክሽንስ የሚባለው የስቴቱ ድጎማ ሊሸፍን ይችላል፤ ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ትምህርቱ እስኪጀመር አይጠብቁ።

የስቴቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ (ጁላይ) መባቻ ላይ ይጀምራል፤ የወርከር ሪትሬይኒንግ ገንዘብም ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ተቆርጦ የሚሰጥ ስለሆነ ወደ ፀደይ (ስፕሪንግ) ኳርተር ሲቃረብ ሊያልቅ ይችላል። በመስከረም ለሚጀምረው የፎል ኳርተር ለመግባት ካሰቡ በሰኔ (ጁን) ውስጥ ቀጠሮ ይያዙ፤ አስተርጓሚ ከፈለጉም ቀጠሮውን ሲይዙ አማርኛ ብለው ያስመዝግቡ።